ከነገሌ ሳፋ እስከ ህንድ ውቅያኖስ

አምና፣ የኪያ ልደት

ይህ ጉዞ የተጀመረው ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ለአንባቢ እንግዳ ቢሆንም ከዚያ ካልጀመርኩ ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ታላቅ ወንድሜን ታምራትን “ወንድም ጋሼ” ነው የምለው። የጤና ጣቢያ መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ጊዜ ለሥራ ሞያሌ ወርዶ ሲመለስ ሁለት የውሃ መነጽር ከነመተንፈሻ ቧንቧቸው ይዞ መጣ፤ አንዱ የአዋቂ፣ አንዱ የልጅ። ሻይ የጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ የነበረውንም የኬንያ ካላንደር ባለቤቱን ለምኖ አምጥቶ ሳሎን ሰቀለው። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ባሕር ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ ከሥሩ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች። ለትምህርት ቤት እረፍት ሁላችንንም እዚያ እንደሚወስደን ተናገረ። ማናችንም ዋና አንችልም። ነገሌ ላይ ውሃ በጀሪካን፣ በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልምምዱን በሳፋ ጀመርነው።

የወንድም ጋሼ ትንሹ ልጅ የኪያ አራተኛ ልደት ቅዳሜ ዋለ። አንድ ረጅም ሻማ ነበረን፤ ወንድም ጋሼ በቢላ አራት ቦታ ቆረጠውና ዳቦው ላይ ተከለው። የጎረቤት ልጆች ፊኛቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ሳፋው ግቢ ውስጥ ፓፓያዋ ሥር ተሞላ። ተራ ነበረው። መጀመሪያ ወንድም ጋሼ ነው፤ ፊቱን ነክሮ በቧንቧው ሲተነፍስ ሃምሳ ድረስ እንቆጥርለታለን። ቀጥላ ልጁ ሶሬቲ፣ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ኪያ። ከዚያ ሚስቱ አስቴር፤ እሷ አስተማሪ ናት፣ ውሃው ለፓፓያዋ እንደሚደፋ ካላስማለችን ፊቷን አትነክርም። መጨረሻ እኔ።

ልጅ ሳለሁ ኩሬ ውስጥ ወድቄ ነበር። በኮሌታዬ ጎትቶ ያወጣኝ ወንድም ጋሼ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቴን እንኳ የምታጠበው በእፍኝ ነው። የዚያን ቀን ተራዬ ሲደርስ “ነገ” አልኩ።

እሱ ሳቀ። “እሺ፣ ነገ። ተራህን ማንም አይነካብህም” አለኝ።

በማግስቱ እሑድ ሕመምተኛ ሊያመጣ ተጠርቶ ወጣ። መኪናው መንገድ ላይ ተገለበጠ። አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ማዕድ ሲቀርብ ሶሬቲ የመጀመሪያውን ሳህን በአባቷ ቦታ ማስቀመጥ ጀመረች። እሱ ሳይቀመጥለት ሌላ ሰው አይቀመጥለትም። አስቴር አንድም ቀን ተይ አላለቻትም። በመጨረሻ ኪያ ይበላዋል።

ዘንድሮ እረፍቱ ሲደርስ አስቴር ሳጥን ከፍታ ፓስፖርቶቹን አወጣች። አምስት ናቸው፤ ሁሉንም ያወጣው እሱ ነበር። አራቱን ለየች። ከዚያ አምስተኛውንም ከነሱ ጋር አደረገችው። ልጆቹን አንድ ጊዜ ባሕር ውስጥ ካላስገባናቸው ዳግም ለመነሳት አቅም እንደሌላት ነገረችኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ስል ሳፋውን አላሰብኩም።

ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ነገሌ

መናኸሪያው ጨለም ብሏል። ረዳቶቹ ይጮሃሉ፣ ፍየሎች ጣሪያ ላይ ይታሰራሉ። ኪያ የልጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የመጣው፤ ያቤሎ ድረስ አላወለቀውም። የሚኒባሱ ሾፌር ጋሽ ታደሰ የወታደር ልጅ ነው፤ ጦር ሰፈር አድጎ እዚሁ የቀረ። ወንድሜን ያውቀው ነበር። የፊተኛውን ወንበር ለአስቴር ለቀቀላትና ተቀምጦበት የነበረውን ሰውዬ ወደ ኋላ ላከው። ሰውዬው አጉረመረመ፤ ጋሽ ታደሰ አልሰማም።

መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ግራር፣ ከመኪናው የሚበልጥ ኩይሳ፣ የግመል መንጋ፣ እንደገና ግራር። ፀሐይ ወጥታ ሲሞቅ መስኮት ብንከፍት አቧራ፣ ብንዘጋ የፍየል ሽታ ሆነብን። የዳዋ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ ኪያ ተነስቶ ቆመና ባሕሩ ይሄ እንደሆነ ጠየቀ።

“ባሕርማ ይኸው” አለ ጋሽ ታደሰ። “ሌላ አገር ምን አስኬዳችሁ? እዚህ አዞውም በነጻ ነው።”

ኪያ አሰበበት። “አዞው መነጽር አለው?”

መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ወደ ኋላ የተላከው ሰውዬም። ዋጪሌ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋና በወተት የፈላ ሻይ አገኘን። የምግብ ቤቱ ሴትዮ ለልጆቹ ሥጋ ስትጨምር ሶሬቲ የመጀመሪያውን ሳህን ወደ ባዶው ወንበር ገፋችው። ሴትየዋ አየቻት። ያቤሎ ስንገባ መሽቶ ነበር፤ ጥርሳችን ብቻ ነጭ ሆኖ ተኛን።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዱብሉቅ

ከያቤሎ አስፋልት ነው፤ ልጆቹ መኪናው ስላልነቀነቃቸው ተበላሽቷል ብለው ነበር። ዱብሉቅ ላይ ረዳቱ ዕቃ ሲያወርድ ወደ ኤላው ሄድን። ለማያውቅ አንባቢ፣ ኤላ ማለት የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ወጣቶች ግድግዳው ላይ ደረጃ በደረጃ ቆመው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ውሃው ከላይ ወዳለው ገንዳ ይደርስና ከብት ይጠጣል። ከብቱ ራቅ ብሎ በቡድን በቡድን ይጠብቃል። በትር የያዘ ሰው ጥላ ሥር ቆሞ ተራ ይጠራል፤ አባ ሄረጋ ይሉታል። እሱ ካልጠራ ጥጃ እንኳ አይንቀሳቀስም።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አብረውን ወርደው ነበር። የተጠራውን መንጋ እያየሁ ባለቤቱ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“የለም እኮ። ያቤሎ ሐኪም ቤት ተኝቷል” አሉኝ።

“ታዲያ ተራው አያልፍም?”

“ለምን ያልፋል? ያ ወንድሙ ነው፣ ያጠጣለታል። ወንድም ምን ይሠራል ታዲያ?”

ሶሬቲ እጄን ይዛ ቆማ ነበር። የሰማች አልመሰለኝም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ሞያሌ

ሙቀት፣ ባጃጅ፣ የቢጫ ጀሪካን ክምር፣ ሽልንግ የሚመነዝሩ ልጆች። ለሚሄድ ሰው፣ የቢጫ ወባ ካርድ እንዳትረሱ። መስኮቱ ላይ ያለው ኃላፊ ፓስፖርቶቹን ቆጠረ፣ ሰዎቹን ቆጠረ፣ እንደገና ፓስፖርቶቹን ቆጠረ።

“ይሄኛው ሰውዬስ?”

“እሱ አይሻገርም” አለችው አስቴር።

ፎቶውን አየ፣ ኪያን አየ። አራቱ ላይ ማኅተም መታ። አምስተኛውን ማኅተም ሳይመታበት ዘግቶ በሁለት እጁ መለሰላት።

ከድንበሩ ማዶ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። ኪያ የመጀመሪያውን ባጃጅ ሲያይ “ሾፌሩ ተሳስቷል!” ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውም ተሳሳተ። አምስተኛው ላይ ሁሉም ሰክረዋል ብሎ ደመደመ።

ዓርብና ቅዳሜ፣ በአውቶቡስና በባቡር

የማርሳቢት መንገድ ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ሜዳ ነው። ናይሮቢን ያየነው በእንቅልፍ ዓይን ነው። ቅዳሜ ባቡር ላይ ወጣን። ሶሬቲ በመስኮት ዝሆን ቆጠረች፤ አስራ አንድ ደርሳ ሁለቱ ድንጋይ እንደነበሩ አመነች። አስቴር ቀሚሷ ላይ የፈሰሰውን ሻይ ሳትጠርግ ወደ ውጭ ታያለች። ይህን መስኮት ታምራት ቢያገኘው ኖሮ የባቡሩን ሾፌር ሄጄ ካላየሁ ይል እንደነበር ነገረችኝ። እውነት ነው፣ ይል ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ስለ እሱ ስናወራ ስንስቅ ይሄ የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

ከሞምባሳ ፌሪ በሚባለው ማሻገሪያ መርከብ ተሻግረን በስተደቡብ ትንሽ የእንግዳ ቤት አገኘን። ኮኮናት ከቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ቦምብ ነው የሚመስለው።

እሑድ፣ ባሕር ዳር

ዛሬ ኪያ አምስት ዓመት ሞላው። በኮኮናት የተጋገረ ዳቦ ላይ አንድ ሻማ አምስት ቦታ ቆረጥን። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዕኩል አልመጣልኝም።

ካላንደሩ አልዋሸም። ውሃው እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ሰማያዊ ነው። አሸዋው ዱቄት ይመስላል። ኪያ ግን ውሃው ጫፍ ላይ ቆመና አልነካም አለ። የእናቱ እናት ዱብሉቅ አጠገብ ነው ያደጉት፤ ሳይጠሩ ውሃ ውስጥ እግር መክተት ነውር እንደሆነ አስተምረውታል።

“የዚህ ውሃ አባ ሄረጋ ማነው?” አለኝ።

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። “አካም?” ሲል በኦሮምኛ ሰላም አለን። የእንግዳ ቤቱ ጥበቃ ነው፤ ጉዮ ይባላል፣ የማርሳቢት ቦረና ነው። ናጋ ናጋ ተባባልን፤ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር በአፋችን የሚያወራ ሰው ማግኘት ዘመድ ማግኘት ነው። ጉዮ ዱላውን አሸዋው ላይ ተክሎ ከኪያ ፊት ቆመ። ዛሬ አባ ሄረጋው እሱ እንደሆነ ነገረው። ኪያ በእጁ ጨልፎ ቀመሰና ተፋው። “ጨው በዝቶበታል” አለ። አስቴር በሳቅ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

ጉዮ በጀልባ ባሕሩ ውስጥ ወዳለ ድንጋያማ ቦታ ወሰደን። ውሃው ወገብ ድረስ ነው የሚሆነው፤ ዓሦቹ ያሉት እዚያ ነው። ለሁላችንም ተንሳፋፊ ሰደርያ አስለበሰን።

“በሉ፣ ተራው የማነው?” አለ።

“የአባዬ” አለች ሶሬቲ።

አስቴር ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ ውሃው። ሶሬቲ ድምጿን አልጨመረችም። “መጀመሪያ አባዬ ነው፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ኪያ፤ አባዬ ሳይገባ እኔ አልገባም” አለች። ኪያም እጁን አጣምሮ ከእህቱ ጎን ቆመ። ነገ ቀትር ላይ ወደ አገር መመለሻችን ነው።

ጉዮ አባትዬው የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ በኦሮምኛ ነገርኩት። ዱላውን አንድ ሁለት ጊዜ ጀልባው ወለል ላይ መታ መታ አደረገ።

“ወንድም አለው?” አላት ሶሬቲን።

በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። የዱብሉቁን ሰምታለች።

ትልቁን መነጽር አጠለቅሁ። የእሱ ነው፤ ማሰሪያው ላይ ለራሱ ጭንቅላት የለካበት ቋጠሮ አለ፣ እሱን ሳልፈታ ጠበበኝ። ውሃው ውስጥ ወረድኩ። ወገቤ ድረስ ሆነ። ጎንበስ ስል ውሃው መስታወቱን ነካ፤ ትንፋሼ ተቋረጠ፣ ኩሬው መጣብኝ፣ ቧንቧውን ተፍቼ ጀልባውን ያዝኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ። ያው ነው።

“ነገ” አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። አስቴር ፊቷን አዞረች። ሁላችንም ደረቅ ጸጉራችንን ይዘን ተመለስን። ጉዮ ብቻ እኔን ከጀልባው ሲያወርድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃው እንደሚጎድል ነገረኝ። አልተቆጣኝም። ከብት ይዞ ዘግይቶ የመጣን ሰው እንደሚያናግር ነበር የተናገረው።

ሰኞ ጠዋት

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጆቹን ቀሰቀስኳቸው። ሰደርያቸውን እኔ አሰርኩላቸው። አስቴር ሳትጠይቀኝ ተከተለችን። ጉዮ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ድንጋዩ ጋ ወረድኩ። ሶሬቲን እንድትቆጥርልኝ ለመንኳት። ቧንቧውን ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አጎነበስኩ። ትንፋሼ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ የሳፋው ድምፅ ነው፤ ወንድም ጋሼ ሲተነፍስ ከውጭ እንሰማው የነበረው። ከላይ ሶሬቲ “አንድ፣ ሁለት” ትላለች። ሰደርያዬን ከአንገቴ በኩል የያዘኝ እጅ አለ፤ የጉዮ ይሁን የአስቴር አልጠየቅኩም። ስድስት ላይ ዓይኔን ገለጥኩ።

እንዴት ልጻፈው። የብርሃን መረብ ድንጋዩ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጥቁር መስመር ያለበት ቢጫ ዓሣ መጥቶ መስታወቴ ፊት ቆመ፣ ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው አፉን ከፈተ ከደነ። ከኋላው ሰማያዊ፣ ከዚያም ስሙን የማላውቀው ቀለም። ካላንደሩ ግማሹን እንኳ አላሳየንም። ወንድም ጋሼ ይህን አላየም። ሃያ፣ ሠላሳ። ለእሱ ስለሆነ በደንብ አየሁት፤ አንዱንም አልዘለልኩም። ሃምሳ ስትል ቀና አልኩ። መነጽሩ ውስጥም ውሃ ነበር፤ ከባሕሩ ግን አልነበረም።

“ተራዬ” አለች ሶሬቲ፣ መነጽሩን ከኪያ ነጥቃ። ፊቷን ነከረች። ሃያ ላይ በቧንቧው ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸች፤ ምን እንደሆነ አልገባንም፣ ደስታ ነው። ሃምሳ ሲሞላ አልወጣም አለች፤ ጉዮ ዱላውን አንስቶ ጠራት። ኪያ ገባ፤ አንድ ዓሣ ሰላም ብሎኛል ብሎ ወጣ። አስቴር ገባች። ለአስቴር መቁጠሩን ሁላችንም ረሳነው፤ ውሃው ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ነጠላዋ ከጎኗ ተንሳፎ፣ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ላይ የመነጽሩ ክብ ምልክት ነበር። የሶሬቲን ጸጉር ጨመቀችላት።

መመለሻችን ደርሷል ብዬ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሶሬቲ ትልቁን መነጽር በባሕሩ ውሃ አለቅልቃ ያዘችልኝ።

“ጋሼ፣ ያንተ ተራ ቀረ” አለችኝ።

ቋጠሮውን ፈታሁና በራሴ ጭንቅላት ልክ አሰርኩት። ቧንቧውን ነክሼ ገባሁ። ስንት ድረስ እንደቆጠሩልኝ አላውቅም።