ዴልፋ ሩድ የእርሳስ አረር ስትከለከል

ዴልፋ ሩድ አይዳሆ ውስጥ ሃርላን ፎርክ በምትባል ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ሬይ ሲሞት የተወላት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥና ጥይት የሚሞሉበት መሣሪያ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በተኳሾች ክበብ ኢላማ ትተኩሳለች። ጥይቷንም የምትሞላው ራሷ ናት፤ የተተኮሰውን ቀለህ ለቅማ፣ አጥባ፣ ባሩድና አረር መልሳ ታጎርሰዋለች።

አንድ መኸር ላይ መዳብ የለበሰው አረር ከመደብሩ ሁሉ ጠፋ። የክበቡ ሊቀመንበር ክሬግ ስታንፊል ግን ቀድሞ በካርቶን እየገዛ ጋራዡን ሞልቶት ነበር። ጥቂት እንዲሸጥላት ብትጠይቀው፣

«ዴልፋ፣ አንቺ ሹራብ ብትሠሪ አይሻልሽም?» ብሎ ሳቀባት።

ቤቷ ገብታ የሬይን የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ ከሣጥን አወጣች። ጎሚስታው የሚጥለውን የጎማ ባላንስ እርሳስ ለምና፣ ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ላይ ጓንት አጥልቃ ታቀልጥ ጀመር። መጀመሪያ ያፈሰሰችው አረር ለሽጉጡ ቀጥኖ ነበርና እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተለጠፈ፤ ጥይቷም ኢላማውን ትቶ አፈሩን ይመታ ያዘ። አረሩ የተቀባው ቅባት ሲተኮስ ይጨስ ነበርና በክበቡ «ባቡሯ መጣች» እያሉ ተዘባበቱባት። ያልሳቀችው ጓደኛዋ ሎይስ ብቻ ነበረች፤ አብራት ቁጭ ብላ አፈሙዙን ስትፈገፍግ ታመሽ ነበር።

ዴልፋ ክረምቱን ሙሉ ታገለች። ወፈር ያለ አረር የሚያወጣ ቅርጽ አገኘች፤ ባሩዱን ቀንሳም ጥይቱ ለዘብ ብሎ እንዲወጣ አደረገች። በረዶው ሲቀልጥ ጥይቷ መሐል መሐሉን ይበሳ ጀመር። በጸደዩ ውድድር ክሬግን ሰው ሁሉ እያየ አሸነፈችው።

በቀጣዩ ስብሰባ፣ ሰው ከየቤቱ ያመጣውን በልቶ ሳይጨርስ፣ ክሬግ ተነሣ። «ለአባላት ጤና ሲባል መዳብ ያልለበሰ የእርሳስ አረር ከዛሬ ጀምሮ ይከልከል» አለ። «እርሳስ መርዝ ነው።»

«መርዝ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለች ዴልፋ ከወንበሯ ሳትነሣ። «እጄን እየታጠብኩ፣ ደሜን እያስመረመርኩ ነው የምሠራው። ያንተ አረር ከመዳቡ ሥር ምን ያለው መሰለህ፣ ማር? ያ ሬይ ከኢላማው ጀርባ በአካፋ የከመረው አፈርስ በምን የተሞላ ነው? ባለፈው ዓመት መርዝ አልነበረም። መርዝ የሆነው ሳሸንፍህ ነው።»

«ወይዘሮ ሩድ፣ እባክዎ በግል አይውሰዱት» አላት ክሬግ። እስከዚያች ቀን አንድም ጊዜ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም።

እጅ ይነሣ ተባለ። እጁ በዛ። ከነዚያ እጆች አንዱ የሎይስ ነበር፤ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ አነሣችው። ዴልፋ የክበቡን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ንዴቱ ሳምንታት አልበረደላትም። ጨዋታውን ሳይሆን ሰው መሆኗን የነጠቋት ያህል ነበር የተሰማት። የሳቁባት ሰዎች ጥፋተኛ አልተባሉም፤ ጥፋተኛዋ ተምራ የተሻለችው እሷ ሆነች።

አንድ ጠዋት ሎይስ በባልዲ የጎማ እርሳስ ይዛ በር ላይ ቆመች። ክብደቱ ትከሻዋን አጉብጦታል።

«ልጄ የሚሠራው ክሬግ እንጨት መጋዘን ነው» አለች።

«አውቃለሁ። እጅሽን ማንሣትሽን እችለው ነበር። ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

ሎይስ አለቀሰች። ዴልፋ አላባበለቻትም፤ ግን ባልዲውን ተቀበለቻት፣ በሩንም ክፍት ተወችው።

አሁን ዴልፋ የምትተኩሰው ከከተማው ውጭ፣ አንድ ከብት አርቢ ጎረቤቷ በፈቀደላት ገደል ሥር ነው። ሎይስም አንዳንድ ቅዳሜ ትመጣለች። እንደ ድሮው ባይሆንም ይጨዋወታሉ። ክልከላው አልተነሣም። ክሬግ የመኸሩን ዋንጫ መውሰዱን የነገረቻት ሎይስ ናት።

ዴልፋ ቀለሆቿን ከሣሩ ውስጥ እየለቀመች «ማንን አሸንፎ?» አለች።