ቆጠራ ላይ ቁጢጥ ያለችው

ወደ እስር ቤቱ ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ ያለች ወጣት ሴት ነው። ከንፈሯና ጥፍሮቿ ቀለም እንደነካቸው ሰማያዊ ነበሩ። ብርድ መሰለኝ።

ውሃ የምናመጣው በተራ ነበር። ከቧንቧው እስከ ክፍላችን ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እሷ ሦስት ጊዜ ባልዲዋን አስቀምጣ ቁጢጥ ትላለች። ሴቶቹ “እመቤቲቱ” ይሏት ነበር። እኔም አንድ ቀን፣ “ባልዲ ስታዪ ነው የሚደክምሽ?” አልኳት።

“እንዲህ ስል ትንፋሼ ይመለሳል” አለች። “ለምን እንደሆነ አላውቅም።”

አብራን የታሰረች ነርስ ጆሮዋን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠባቂውን ጠርታ፣ “የዚህች ልጅ ልብ ይጮኻል፤ ሐኪም ይያት” አለችው።

“እዚህ ልቡ የማይጮኽ ማን አለ?” ብሎ በሩን ዘጋው።

አንድ ቀን ጠዋት ቆጠራ ላይ ቁጢጥ አለች። ጠባቂው ተነሺ አላት። አልተነሳችም። ስሟ ሲጠራ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እዚያው እንዳለች፣ “አቤት” አለች። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። በዱላው ትከሻዋን መታት። ሁላችንም ቆመን ነበር። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

ከሳምንት በኋላ ከእንቅልፏ አልነቃችም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣችውን የእህቴን ልጅ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የልብ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አርባ ዓመቷ ነው፤ አስም ነው ሲሏት ኖራለች። የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ስክሪኑን ሲያይ ቆይቶ አንድ ነገር ጠየቀ። ቶሎ መተርጎም አልቻልኩም።

“ሲደክምሽ ቁጢጥ ትያለሽ?”

ደነገጠች። “ማን ነገራቸው እትዬ? ሰው ፊት እኮ አላደርገውም።”

አብሯት የተወለደ ነው አለ። ልቧ ውስጥ ቀዳዳ አለ፤ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበትም መንገድ ጠባብ ነው። በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገና ይቻል እንደሆነ ገና አልታወቀም። የበሽታውን ስም በወረቀት ጻፈልኝ። ያኔ እስር ቤት ስሙን ብናውቀውም ጠባቂው በሩን ይዘጋው ነበር።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ጋ ሳንደርስ ትንፋሽ አጠራት። ሰዎች ያልፋሉ። አፍራ ወደ ግድግዳው ዞረች።

“ቁጢጥ በይ” አልኳት። ቦርሳዬን አስቀምጬ እኔም አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

“ጉልበትዎስ እትዬ?”

“ዝም ብለሽ ተንፍሺ።”

ትንፋሿ ሲመለስ ቀድማኝ ተነሳችና እጇን ዘረጋችልኝ። ጥፍሮቿ ሰማያዊ ናቸው። እጇን ያዝኩ፤ ክብደቴን ግን ግድግዳው ላይ ጥዬ ተነሳሁ።