የጋሼ ወርቁ አዳኝ ውሻ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለ ውሻ ነው ስላችሁ የምትስቁ ትኖራላችሁ። በሌላ ሰው ደርሶ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። እስካሁን ግን የቤቴን በር ስከፍት እጄ ይከብደኛል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ከፒኮ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ነው። ሥራዬ ኬርጊቨር ነው። የምንከባከባቸው አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ሲሞቱ፣ ልጆቻቸው ትንሿን ውሻቸውን እኔ እንድወስዳት ለመኑኝ። ቡቡ ትባላለች። ቺዋዋ ናት፤ ከድመት አትበልጥም። ጓደኞቼ «ሰብለ ፈረንጅ ሆነች» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። እኔ ግን ከሥራ ስገባ በር ላይ የሚጠብቀኝ ነፍስ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከኔ በታች ጋሼ ወርቁ ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ሐኪም በእግርዎ ይንቀሳቀሱ ስላላቸው ልጃቸው ከሼልተር፣ የተጣሉ ውሾች ከሚጠለሉበት፣ ውሻ አመጣላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ ሻካራ፣ አመድማ ነው። ለሩጫ ውድድር ከሚያረቡት ከግሬይሃውንድና ጉድጓድ እየገባ ከሚያድነው ከቴሪየር የተዳቀለ ሳይሆን አይቀርም ብለዋቸዋል የሼልተሩ ሰዎች። ጋሼ መልኩን አይተው አቧራ አሉት።

አቧራ ሲጮህ የሰማ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ሰው ሲያገኝ መጥቶ እግሩ ላይ ይደገፋል። ጋሼ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት በፌርፋክስ ጎዳና ይዘውት ሲሄዱ ባለ ሱቆቹ በስሙ ይጠሩታል። አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ዛፍ ላይ ስኩዊረል፣ ያቺን ጭራዋ ጎፈሬ የሆነ የዛፍ አይጥ፣ ካየ ቀጥ ብሎ ይቆምና መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል።

«በርዶት ነው» ይሉ ነበር ጋሼ።

እሁድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሻለሁ። የሚታጠብ ልብስ ይዤ በሩን ስከፍት ቡቡ በእግሬ ሥር ሾልካ ወጣች። ግቢው ውስጥ ርግብ አይታለች። በዚያ ቀጭን ድምጿ እየጮኸች ደረጃውን ወረደች። ጋሼ ደግሞ አቧራን ይዘው ከቤታቸው መውጣታቸው ነበር።

ገመዱ ከእጃቸው ሲነጠቅ በግንባራቸው ወደቁ። አቧራ አልጮኸም፤ አላጉረመረመም። ሁለት ሦስቴ ዘለለና ማጅራቷን ይዞ አንዴ ነቀነቃት። ድምጿ ተቋረጠ።

ከሁሉ የባሰብኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በአፉ እንደያዛት፣ ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀ መጣና ጋሼ ከወደቁበት ፊት አስቀመጣት። ጭራውን እየቆላ ፊት ፊታቸውን ያያል። ጎበዝ እንዲሉት ነው የሚጠብቀው።

እኔ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ጋሼ ግንባራቸው እየደማ «ሰብልዬ፣ ልጄ፣ ምነው እኔን በገደለኝ» ይላሉ።

ጎረቤት ደውሎ ኖሮ ከከተማው የእንስሳት ቁጥጥር አንዲት ሴትዮ መጣች። አቧራን አገላብጣ አየችው፤ ደረቱና እግሩ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አሳየችን።

«ይሄ የሠለጠነ አዳኝ ነው» አለች። «አንድ ሰው ጥንቸል ሲያድንበት ኖሮ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስበት ጥሎታል።»

ከዚያ እኔን ለብቻዬ ወስዳ፣ ከከሰስኩ ውሻው ሊገደል እንደሚችል ነገረችኝ። አስቢበት ብላኝ ሄደች።

ጋሼን ለብዙ ቀን አላናገርኳቸውም። አቧራ አፉ ታስሮ ቤት ተዘጋበት። እሳቸውም አብረውት ተዘጉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«አልለምንሽም» አሉኝ። «ይገደል ካልሽ ራሴ እወስደዋለሁ። ግን ዝም አትበይኝ።»

«እንዲገደል አልፈልግም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እሱ ከታች እያለ ግን እዚህ ቤት ማደር አልቻልኩም።»

«ገባኝ» ብለው ደረጃውን ወረዱ።

ሴትዮዋ በላንካስተር በኩል በረሃው ዳር እንዲህ ያሉ ውሾች የሚያሠለጥን ሽማግሌ ፈረንጅ አገኘችልን። ጋሼ ፍሪዌይ ላይ መንዳት ትተዋል፤ ስለዚህ ድራይቭ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አቧራ ከኋላ ተኝቷል። መንገዱን ሁሉ አንዴም ዞሬ አላየሁትም።

«ክፉ ነው ወይ? ጠይቂልኝ» አሉኝ ጋሼ እንደደረስን።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። መሮጥና መያዝ በደማቸው ያለ ነው፣ ማንም አያስተምራቸውም አለ። ጥሩ አሠልጣኝ ገና በቡችላነታቸው ከበግ፣ ከዶሮ፣ ከድመት ጋር እያዋለ የማይነካውን ያሳውቃቸዋል።

«ይሄን ውሻ የያዘውን ማምጣት አስተምረውታል» አለ። «መተው አላስተማሩትም። አሁን አርጅቷል። እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም።»

እሱ ገመዱን ይዞ፣ እኛ ተከትለነው ወደ ሜዳው ስንወጣ ከቁጥቋጦ ሥር ትልቅ የዱር ጥንቸል ተነሣ። ሽማግሌው ሥራውን ልየው ብሎ የአቧራን አፍ ፈታና ለቀቀው። ያ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ውሻ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ያማረ ነገር ነበር፤ አልዋሽም። መጨረሻውን ግን አውቀዋለሁ። ማጅራቱን ይዞ አንዴ ሲነቀንቀው ዞር ብዬ መኪናው ላይ ተደገፍኩ።

አቧራ ጥንቸሉን ይዞ ሽማግሌውን አልፎ መጣና ጋሼ እግር ሥር አስቀመጠው። ቀና ብሎ አያቸው። ጋሼ ራሱን ዳሰሱት።

«ጎበዝ» አሉት። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

አቧራን ለሽማግሌው ትተን ተመለስን።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተዉ። እግራቸው አበጠ፤ በጋው ሳያልቅ ልጃቸው ሲያትል ወሰዳቸው። አንዳንዴ ይደውሉልኛል። ስለ ሥራ፣ ስለ ጤና እናወራለን እንጂ ውሻ የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም።

ጓደኞቼ አሁን አይስቁብኝም፤ ሌላ ቡችላ እናምጣልሽ ይሉኛል። አልፈልግም። አቧራን አልጠላውም፤ በዚያ ሜዳ ካየሁት ወዲህ መጥላት አልቻልኩም። ግማሹን አስተምሮ መንገድ ላይ የጣለውን፣ ስሙንም መልኩንም የማላውቀውን ያንን ሰው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።