ትኬት ሻጯ ያላየችው ፏፏቴ

ሴትዮዋ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ለመንገደኛ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጥ አሥራ አራት ዓመት ቢሞላትም እሷ ራሷ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ባልደረቦቿ «ካርታዋ» ይሏታል። የትኛው በረራ በየትኛው ቀን እንደሚነሣ፣ ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደሚፈቀድ፣ ጎብኚ ወደሚወደው ሐይቅ ከአየር ማረፊያው በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ኮምፒውተሩን ሳትከፍት ትናገራለች። ስለ ዝነኛው ፏፏቴ የጠየቃት ካለማ አታስጨርሰውም። «እሱን ያየ ሰው ሌላ አያምረውም» ትላለች። ሰሚው ሁሉ ያየችው ይመስለዋል፤ እሷም አላየሁም ብላ አታውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡ መምህር ቢሮ ገቡ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ወደ ፏፏቴው ትኬት የቆረጠችላቸው እሷ ናት። ስልካቸውን ከፍተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። ፎቶው ላይ የሚታየው ጥቁር ገደል ብቻ ነው፤ ጠብ የሚል ውሃ የለበትም።

«ልጄ፣ አንቺ ይሄን ፏፏቴ አይተሽዋል?»

«አዎ» ልትል ከጫፍ ደርሳ ተወችው። «አላየሁትም፣ ጋሼ።»

«የባለቤቴ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሎናል። ሳይጨልምብኝ አንድ ትልቅ ውሃ ልይ ብላ ነው የሄድነው።» ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ደህና ዋይ ብለዋት ወጡ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራው አልገፋ አላት። ለመንገደኛ የሚሰጠውን የመረጃ ወረቀት አውጥታ ብታነበው «ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ፣ ከመንደሩ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ» ይላል። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ የዓመት ፈቃድ ጠየቀች። አለቃዋ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«አሁን? ገበያው በደራበት ሰዓት?»

«አሁን። ያላየሁትን ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ አይቼው ልምጣ።»

«እኛ የምንሸጠው በረራ ነው እንጂ ውሃ አይደለም።»

«ሰዎቹ የሚሄዱት ግን ለውሃው ነው» አለችና እስኪፈርም ድረስ ከፊቱ ንቅንቅ ሳትል ቆመች።

ባሏ ሶፋ አልባሽ ነው። ነገሩን ሲሰማ ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። «አንቺ ሊፍት ውስጥ እንኳ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ እኮ።»

«እዚያም እጨፍናለኋ።»

እውነትም ጨፈነች። አውሮፕላኑ ሲነሣ የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ፣ አጠገቧ የተቀመጡትን እናት «ወጣን? አሁንስ ወጣን?» እያለች አሰለቸቻቸው።

ወደዚያ የሚሄደው ትንሽ አውሮፕላን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው የሚበረው። ቢሮው መንገደኛውን ሁሉ ማክሰኞ ልኮ ዓርብ ይመልሳል፤ እሷም እንደዚያው ቆረጠች። ረቡዕ ጠዋት ሰዓቷን አይታ ከመንደሩ ተነሣች። የሃያ ደቂቃ የተባለው መንገድ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀባት። መጨረሻው ላይ የሚያንሸራትት ድንጋይ አለ። ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ገደሉ ጋ ስትደርስ የጠበቃት ያው መምህሩ ያሳዩዋት ደረቅ ድንጋይ ነው።

የቦታው ጠባቂ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጠጋ ብላ «አባቴ፣ ውሃው የት ገባ?» አለቻቸው።

«ከላይ ያለው የኃይል ማመንጫ ይወስደዋል። እሑድ እሑድ ይለቁታል። ይኸው ስድስት ዓመቱ።»

«እሑድ ብቻ?»

«እሑድ ብቻ። እናንተ ደግሞ ከእሑድ በቀር በሁሉም ቀን ትመጣላችሁ። ድንጋይ የምትወዱ ነበር የሚመስለኝ።»

ክው አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የላከቻቸው ሰዎች ይሄንኑ ገደል አይተው፣ ወቅቱ አልሆነልንም ብለው ዝም ብለዋል ማለት ነው። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ቢሮ ደወለችና የመመለሻ ትኬቷን ከዓርብ ወደ ማክሰኞ አዛወረች። አለቃዋ ከዚያኛው ጫፍ ማጉረምረም ሲጀምር ስልኩን ዘጋችው።

እሑድ ገና መንገዱን ሳትጨርስ የውሃው ጉርምርምታ መጣ። ነጩ ውሃ ከላይ እየተወረወረ ሲወርድ፣ ሃምሳ እርምጃ ርቃ ቆማ እንኳ ልብሷ ራሰ። ሳቀች ይሁን አለቀሰች እሷም አታውቀውም። ደብተሯን በጃኬቷ ሸፍና ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ፣ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ መዘገበች።

ቢሮ ስትመለስ አሮጌውን ወረቀት ጥላ አዲስ ጻፈች። አለቃዋ አነበበውና ፊቱን አጨማደደ። «እሑድ ብቻ ነው ብለን ማን ይሄድልናል?»

«እሑድ የሚመቸው።»

«መንገዱን እንኳ ትንሽ ብታሳጥሪው ምናለ?»

«በእግሬ ሄጄዋለሁ፤ አያጥርም።»

ከዚያ መምህሩ ጋ ደወለች። ዓርብ ሄደው ማክሰኞ የሚመለሱበትን በረራ ያዘችላቸው፤ የሚያንሸራትተው ድንጋይ ላይ ጠባቂው የመምህሩን ባለቤት እጅ እንዲይዙ በስልክ ለመነቻቸው።

ከተመለሱ በኋላ ባለቤታቸው የባላቸውን ክንድ ይዘው ራሳቸው ቢሮ መጡ። «ጫፉ አልታየኝም፣ ልጄ» አሉ። «ከመሃሉ ወደታች ግን አይቼዋለሁ። የቀረውን ፊቴ ላይ ረጨብኝ።» ካርታዋ ተነሥታ ወንበር አቀረበችላቸው።

አለቃዋ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

«የሐይቁንስ ወረቀት የጻፈው ማነው?»

«እሱም አይታወቅም።»

«እንግዲያው እሱንም ሄደሽ እዪው። ፈቃድ አትሙዪ፤ ሥራ ነው።»

ካርታዋ የበረራውን ሰሌዳ ከፈተች። በዚህ ጊዜ ግን የሳምንቱን ሰባት ቀን አንድ በአንድ ታይ ጀመር።