መግሪብን የጠበቁት ሲስተር ዘይነባ

በጎባ ለረጅም ዘመን በነርስነት ያገለገሉት፣ የሮቤዋ ጎረቤታችን ሲስተር ዘይነባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የገደላቸው ኮሌራ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ፣ በሽታው የተሻገረባቸው ከእኔ ነው እያልኩ ልቤ አላርፍ ያለኝ ተከራያቸው ነኝ።

ከወልቂጤ መጥቼ ሮቤ ገበያ ጨርቅ መሸጥ ስጀምር ቤት የሰጡኝ እርሳቸው ናቸው። ጡረታ ቢወጡም ሥራው ከልባቸው አልወጣም። ባጃጅ ውስጥ ሕፃን የታቀፈች እናት ካዩ፣ ውኃውን አፍልታ እንደምታጠጣ ሳይጠይቁ አይወርዱም። «የኮሌራ ባክቴሪያ ክንፍ የለውም፤ የምናዞረው እኛው በእጃችን ነው» ይሉ ነበር። እኛም ሲስተር መጡ፣ እጅሽን ደብቂ እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

ዘንድሮ የበልጉ ጎርፍ ጉድጓዶቹን ሲበክል በሽታው ገባ። እኔንም ገበያ መሃል ጣለኝ። ተቅማጡና ትውከቱ አላቋርጥ ብሎ ዓይኔ ጎደጎደ። ለበሽተኞች በተተከለው ድንኳን ውስጥ በፈቃዳቸው ገብተው ያስታመሙኝ እርሳቸው ናቸው። ወሩ ረመዳን ስለነበር ይጾማሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ለእኔ ኦአርኤስ በማንኪያ ያጠጡኛል። «ጀባዱ፣ ኢንተለ ኮ። አይዞሽ ልጄ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» ይሉኛል። ባልዲዬን በበረኪና አጠቡ፤ አንሶላዬንም ቀየሩ። አጠገቤ የተኙ አዛውንት ጾሜን አልፈታም ቢሉ፣ አላህ ለታመመ ሰው መፍቀዱን አስታውሰው፣ አባብለው አጠጧቸው።

እርሳቸውን ግን ቤታቸው ሳሉ ከቀትር በፊት ሲጀምራቸው ለማንም አልተናገሩም። ልጃቸው ሀዋ አመሻሽ ላይ መገርጣታቸውን አይታ ውኃ ብታቀርብላቸው፣ «መግሪብ ሊደርስ ነው፤ ትንሽ ናት የቀረችኝ» ብለው መለሷት። ለሌላው የነገሩትን ፈቃድ ለራሳቸው ነፈጉ። ጀምበር ጠልቃ የማፍጠሪያው አዛን ሲሰማ ውኃው አልወርድ አላቸው። ሕክምና ሲደርሱም ለግሉኮስ የሚሆን ደም ሥር ጠፋ።

ከአንቺ ነው ያለኝ ሰው የለም። እሱ ነው የባሰብኝ። ለቅሶ ስደርስ ሀዋን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷ ግን አቅፋኝ የእናቷን የመጨረሻ ቃል ነገረችኝ፤ «ያቺ ልጅ ተነሣች ወይ?» ነበር ያሉት።

እትዬ ዘይነባ፣ ለቀስተኛው ጀመዓ አላህ ጀነትን እንዲወፍቅዎ ሲለምን እኔም በክርስቲያን አፌ አሜን ብያለሁ። እርስዎ እየተጠሙ እኔ ጠጥቻለሁና አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ። ተነሥቻለሁ እትዬ፤ ሳልነግርዎ ቀደሙኝ።