የዘገየው ፕላኔት

አክስቴን የአውቶቡስ ሹፌሮች «እትዬ ደቂቃ» ይሏት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በስምሪት ክፍል ስትሠራ፣ አንድ ደቂቃ የዘገየ ሹፌር ከእስክሪብቶዋ አምልጦ አያውቅም። ጡረታ ስትወጣ ግን ሰዓቷን እያየች የምትጠብቀው ነገር አጣችና እኔን መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ሻይ ሦስት ደቂቃ ባዘገይ ትመዘግበኛለች።

ነፍሴን ለማዳን ብዬ ኮምፒውተሬን ሰጠኋትና ፕላኔት ከሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች ጋር አስመዘገብኳት። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ትንሽ ቀነስ ይላል። ለእሷ የተሰጣት ኮከብ በየአሥራ አንድ ቀኑ የሚያልፍበት አንድ የታወቀ ፕላኔት አለው። ሥራዋ የእሱን ጥላ ከኮከቡ የብርሃን መዝገብ ሰርዛ፣ በቀረው ውስጥ ሌላ ፕላኔት መፈለግ ነው።

ሁለት ጊዜ «አገኘሁ» ብላ ላከች። ሁለቱንም ጊዜ ሥራውን የምትመራው ተመራማሪ «የቴሌስኮፑ ስህተት ነው» ብላ መለሰችላት። አክስቴ ምሳ አልበላ አላት።

«ሦስተኛውም ከወደቀ ኮምፒውተርሽን ውሰጂ። አርጅቻለሁ ማለት ነው» አለችኝ። ለቀልድ የምትናገር ሴት አይደለችምና ደነገጥኩ።

አንድ ጠዋት ወደ ሳሎን ጠራችኝ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የታወቀውን ፕላኔት በአሥራ አንድ ቀን ልኩ ቆጥሮ ሲሰርዘው፣ ጠርዝ ላይ ቁርጥራጭ ጥላ ይተርፋል። ሌሎቹ እንደ ጉድፍ ጠርገው አልፈውታል። እሷ ግን የለመደባት ነውና ደብተር አውጥታ ፕላኔቱ የመጣበትን ሰዓት ሁሉ ጽፋለች፤ አራት ደቂቃ ዘገየ፣ ሰባት ዘገየ፣ ዘጠኝ ዘገየ፣ ከዚያ መቅደም ጀመረ፣ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ዘገየ።

«ሰነፍ ሹፌር እንዳሻው ነው የሚዘገየው። በሥርዓት የሚዘገይ፣ በሥርዓት የሚቀድም ከሆነ ግን የሚጎትተው አለ። መንገዱ ላይ ሌላ አውቶቡስ አለ።»

«ታዲያ ላኪው እንጂ፣ እትዬ።»

«ብሳሳትስ?»

ግማሽ ቀን ደብተሩን ስታገላብጥ ዋለች። በመጨረሻ ላከችው፤ ከሥሩም «ሐሙስ የሚያልፈው ስድስት ደቂቃ ይዘገያል። ካልዘገየ ስሜን ሰርዙት» ብላ ጨመረችበት።

ዓርብ ምሳ ላይ ተመራማሪዋ ደወለች።

«እትዬ፣ ቴሌስኮፑን አዙረን ጠበቅነው። በሰዓቱ አልመጣም።»

«ስንት?» አለች አክስቴ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ።

«ስድስት ደቂቃ። ሁለተኛ ፕላኔት አለ። እኛ ምልክቱን እየጠረግን ስንጥል ነው የኖርነው።»

አክስቴ «ስድስት» ብላ ጻፈችና ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔን ደስታው አስለቀሰኝ። ስንቱን ሹፌር በአንድ ደቂቃ ያስለቀሰች ሴት፣ ቀስ ብላ «ተባረክ፣ እንኳን ዘገየህ» ስትል ሰማኋት።