ጾሙን ፈታሽ፤ ዘፈኑን ማን አሰረው?

ፋሲካ አልፎም ዘፈን አልከፈትኩም። የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት ይህ ነበር፤ ግን እኔም ሌላውም አላወቅነውም።

ሰመራ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዘፈን የማልሰማው በዐቢይ ጾም ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ፍላሽ የተሰካበትን ስፒከሬን እከፍታለሁ፤ ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ስናደድም ጭምር ዘፈን አለ። በዚያ ዓመት ጾም ሲገባ እንደ ልማዴ ዘጋሁ። ምግብ መቀነሴን፣ ከሰው መራቄን፣ ዝምታዬን ያየ ሁሉ «እንዴት ያለች ጾመኛ!» አለ። በሽታዬ ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም ነበር፤ ማን ይጠርጥረው?

ፋሲካ መጣ። ዶሮው ተሠራ። አልጣመኝም። እንቅልፍ ጠፋ። እጄ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፤ ይመለሳል። የምወደው ዘፈን የጎረቤት ጭቅጭቅ ሆነብኝ። አንዳንዱ «ሙቀቱ ነው» አለ፤ ሰመራ ላይ ሁሉም ነገር በሙቀት ይሳበባል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «ያ ሁሉ ዘፈን የት ያደርሳል ብለሽ ነበር? ይኸው ቅጣቱ» አለችኝ።

የነቃችብኝ ሐዋ ናት፤ አንድ ቢሮ የምንጋራ አፋር የሥራ ባልደረባዬ። በእሷ ረመዳን እኔ፣ በእኔ ጾም እሷ እንጠባበቃለንና መግቢያ መውጫውን ታውቃለች።

«አንቺ፣ ጾሙን ፈታሽ፤ ዘፈኑን ማን አሰረው?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ወላሂ ይሄ ድካም አይደለም። ነገ ዱብቲ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

በሚኒባስ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ፤ ታይሮይድ የሚሉት የአንገት ዕጢዬ ደህና ነበር። ከዚያ ጠየቀኝ።

«መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?»

«አዎ» አልኩ። ሐዋ እጄን ያዘች።

«ይህ ዲፕሬሽን ነው፤ ድባቴ እንለዋለን። ይታከማል።»

ቅጣት ነው አላለኝም። ዘፈን በግድ ብከፍት ይሻለኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ዘፈን መድኃኒቱን አይተካም። ግን እንደገና ሲጥምሽ ንገሪኝ፤ መመለስሽን አንዱ በእሱ እናውቃለን» አለኝ።

መድኃኒቱ ቶሎ አልሠራም። አፌን አደረቀው። የሕመም ፈቃድ ወስጄ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። አውቶቡስ ለምሳ የሚቆምበት ቦታ ምግብ ቤት አላት። ላስደስትሽ ብላ ጠዋት ማታ የሰርግ ዘፈን ትከፍትብኛለች፤ ያልተጠራሁበት ሰርግ የገባሁ ያህል ያሸማቅቀኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ቤቱ በተሳፋሪ እንደተሞላ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኘና የቆየ የመለያየት ዘፈን ለቀቀ። ክራሩ ሲጀምር፣ ትሪ ይዤ እንደቆምኩ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለወራት አላለቀስኩም ነበር።

«ኧረ ዝጉት! እህቴን ልትገድሏት ነው?» ብላ እህቴ ሮጠች።

«እትዬ፣ እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩ።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ይዙር! ሾፌሩ ግራ ገብቶት «ልድገመው እንዴ?» አለ። አስደገምኩት።

በዚያ ቀን ዳንኩ ብል ውሸት ነው፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ በቃሽ እስኪለኝ ወስጃለሁ፣ ቀጠሮም አላጓደልኩም፣ እንቅልፉና ምግቡ ቀስ እያሉ ሲመለሱ ዘፈኑም አብሯቸው መጣ። የሐዘን ዘፈን እንዴት እንደሚያዝም ተማርኩ፦ አልቅሼ ቀለል ካለኝ አመስግኜው እነሳለሁ፤ ማዳመጫ ሰክቼ ያንኑ እየደጋገምኩ አልጋ ውስጥ ተቀብሬ ራሴን ካገኘሁት ግን ነቅዬ ሰው ወዳለበት እወጣለሁ። ለጎረቤቴም መልሷን ሰጥቻታለሁ፤ ዘፈን ስሰማ ደህና ነበርኩ፣ የታመምኩት ሲጠፋኝ ነው።

እናንተም የምትወዱት ነገር ድንገት ካስጠላችሁ በጾምም በሙቀትም አታመካኙ። ጸልዩ፣ ሐኪም ጋም ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። መኖር ካስጠላችሁ ግን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ። «ደስ የሚል ክፈቱ» ለሚሏችሁ ደግሞ ጆሮ አትስጡ፤ የሚያስለቅሳችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሐኪሙን፣ እህቴን፣ ስሙን ያልጠየቅኩትን ሾፌር አመሰግናለሁ። ሐዋን በምን ቃል እንደማመሰግናት ግን አላውቅም።

ዘንድሮም ጾም ሲገባ ዘፈኑን ዘጋሁ። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በሽታው አይደለም። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ሐዋ ናት። እንኳን አደረሰሽ እንኳ አላለችኝም።

«ተፈታ?»

ስልኩን ስፒከሩ አፍ ላይ ደገንኩላት።

«ቀንሺው፣ አደነቆርሽኝ!» አለች።

አልቀነስኩም።